የተረከዜ ጅማት ታሞ ክለቤ አሰናበተኝ፤ ሩጫን ልቀጥል ወይስ ልተወው?

የጠባሴ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምትጽፉትን ሁሌም አነባለሁ፤ ዛሬ ግን የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ።

21 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ሩጫ የጀመርኩት በትምህርት ቤት ውድድር ነው። ከዞን ወደ ክልል አለፍኩ፤ ክልል ላይ አንድ ክለብ አየኝና አዲስ አበባ ገባሁ። ትምህርቴን 11ኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩት ያኔ ነው። አሁን ኮተቤ ከሌሎች ሁለት ሯጮች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ርቀቴ 5 ሺህና 10 ሺህ ነው። በጎዳና 10 ኪሎ ሜትር 33 ደቂቃ ከምናምን ሰከንድ አለኝ። አሰልጣኜ "ጠንክረሽ ከሠራሽ 32 ትገቢያለሽ" ይለኝ ነበር።

ከዚያ የግራ እግሬ የተረከዝ ጅማት መታመም ጀመረ። መጀመሪያ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ብቻ ነበር የሚይዘኝ። ትንሽ ስራመድ ይለቀኛል። ለአሰልጣኝ ስነግረው "ሲሞቅ ይተውሻል" አለኝ። አልተወኝም። ዳገት ላይ ይወጋኝ ጀመር። አረፍኩ፤ ስመለስ አብሮኝ ተመለሰ። ወጌሻ ጋ ሄጄ በቅቤ አሸኝ፤ ለጊዜው ቀለል አለኝና ብሶ መጣ። የዓመቱ ውል ሲያልቅ ክለቡ አላደሰልኝም። የስንብት ደብዳቤ ሰጡኝ፣ በቃ።

ቤት ደግሞ እናቴ በደወለች ቁጥር ታለቅሳለች። አባቴ "ይበቃል፣ ነይ ግቢ" ይላል። ታላቅ እህቴ ቤይሩት ናት፤ "ፓስፖርትሽን አውጪ፣ እኔ አስመጣሻለሁ" ትለኛለች። ከደሞዜ ያጠራቀምኳት ብር በኪራይ እያለቀች ነው።

እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ የኢትዮጵያን ማልያ ለብሼ መሮጥ። ይሄን ስጽፍ እንኳ እንባዬ ይመጣል። ጓደኞቼ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ተነስተው ወደ ጫካ ሲወጡ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ የጫማቸውን ድምፅ እሰማለሁ። ጨክኜ ልቀጥል? ወይስ ራሴን እያታለልኩ ነው? ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ።


ማርሽ ቀያሪ፦

እህቴ፣ አይዞሽ። 21 ዓመት ለረጅም ርቀት ገና ጅማሬ ነው።

ምሩፅ ይፍጠርን አስቢ። እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ ውስጥ ዱራም ላይ 5 ሺህ ሲሮጥ ዙር ተምታታበት። ማርሹን ቀይሮ በረረና አንድ ዙር እየቀረው ጨረስኩ ብሎ ቆመ። በማግስቱ ግን 10 ሺውን አሸነፈ። በ1972 ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ነሐስ አገኘ። በ5 ሺህ ግን ማጣሪያው ሲጀመር መነሻው ላይ አልነበረም። ሞንትሪያልን ጠበቀ። በ1976 ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ከኦሊምፒኩ ራሷን አገለለች፤ ምክንያቱ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን በአፓርታይድ ዘመን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ መጫወቱ ነበር። ምሩፅ ምንም ሳያጠፋ አራት ዓመት ተቃጠለበት።

ሌላ ሰው ቢሆን ጫማውን ይሰቅል ነበር። እሱ በ1980 ሞስኮ ላይ 5 ሺውንም 10 ሺውንም ወርቅ ወሰደ። ከሙኒክ እስከ ሞስኮ ስምንት ዓመት ነው። አንቺ ገና ምን አየሽና ነው እጅ የምትሰጪው? በርቺ!


የቀድሞ ሯጭ፦

ማርሽ ቀያሪ የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። ምሩፅን እኔም እወደዋለሁ። ግን ለዚች ልጅ ሙሉውን መንገር አለብን።

እኔ ከአርሲ መጥቼ ሱሉልታ ለዓመታት ኖሬያለሁ። አብረውኝ የተነሱ ልጆች ብዙዎቹ ከእኔ የተሻሉ ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ ስሙን የምታውቁት አንድም የለም። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ አገሩ ገብቶ ያርሳል፣ አንዷ ሱቅ ከፍታ ልጆቿን ታሳድጋለች። ሰነፎች አልነበሩም። አንዱን ጉልበቱ፣ አንዱን የኪራይ ብር፣ አንዱን ደግሞ ያመነው ማናጀር ነው ያስቀረው። ስለነሱ ማንም አይጽፍም። ስለዚህ ታዳጊዎች "የጨከነ ሁሉ ይደርሳል" ብለው ያድጋሉ። አይደርስም። የጨከነ ሁሉ ቢደርስ ኖሮ ሱሉልታ በሙሉ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ነበር።

ይሄን የምለው ተስፋሽን ልቆርጥ አይደለም። ጥያቄውን እንድትቀይሪው ነው። "ልቀጥል ወይስ ልተው" ብለሽ ከተነሳሽ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጪ ታድሪያለሽ። "እግሬ እስኪድን ምን እየበላሁ፣ ምን እየሠራሁ ልቆይ?" ብለሽ ጠይቂ። የብዙዎቻችን ሕልም ሜዳ ላይ ሳይሆን ኪራይ መክፈያ ቀን ላይ ነው የተሸነፈው።

እኔ ማሳጅ ተማርኩ። መጀመሪያ ለቡድን ጓደኞቼ በነፃ ነበር የምሠራው፤ አሁን እንጀራዬ ነው። በእሱ ገቢ ደግሞ ሩጫዬን ተጨማሪ ዓመታት ሮጥኩ። ብሔራዊ ቡድን አልገባሁም። ግን የምፈልገውን ያህል ሮጬ፣ በራሴ ጊዜ ነው ያቆምኩት። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።


ፊዚዮ ከጎንደር፦

ለጠባሴ ልጅ። ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። እግርሽን ሳላይ ምርመራ መስጠት አልችልም፤ የተወሰነ ነገር ግን ልጠይቅሽ።

ሕመሙ በትክክል የት ጋ ነው? ጅማቱ ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው ወይስ ከዚያ ከፍ ብሎ? በጣትሽ ስትቆነጥጪው ከቀኙ ይወፍራል? ድንገት "ጧ" ብሎ የተሰማሽ ነገር ነበር? በግራ እግርሽ ብቻ በጣትሽ መቆም ትችያለሽ? ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ወራት የወሰድሽው መድኃኒት አለ? የወር አበባሽ በየወሩ ይመጣል?

የመጨረሻውን በግል ልትመልሺልኝ ትችያለሽ። እዚህ የጻፍኩት ሌሎች ሴት ሯጮችም እንዲያነቡት ብዬ ነው።


የጠባሴ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቀድሞ ሯጭ፣ የአንተን ሦስቴ አነበብኩት።

ለፊዚዮ፦ ሕመሙ ከተረከዜ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነው። አዎ ወፍሯል፣ ስነካው ያመኛል። "ጧ" ያለ ነገር የለም። በጣቴ መቆም እችላለሁ፣ ግን ያመኛል። መድኃኒት ካልከኝ፣ ታይፎይድ ነው ተብዬ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ወስጄ ነበር። ሰፈር ያለ ፋርማሲ ነው የሰጠኝ። እግሬ የጀመረኝ ከዚያ በኋላ መሰለኝ፣ ግን አላያያዝኩትም። የወር አበባዬን በተመለከተ እዚሁ ልናገር፤ ለሌሎችም ከጠቀመ። ከቆመ ወራት አልፎታል። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆችም እንደዛው ናቸው። "ልምምድ ሲከብድ እንዲህ ነው" ነው የሚባለው።


ፋርማሲስቷ፦

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም።

ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ኖርፍሎክሳሲን፣ ሌቮፍሎክሳሲን የሚባሉት አንቲባዮቲኮች አንድ ቤተሰብ ናቸው። ከጎንዮሽ ጉዳታቸው አንዱ ጅማትን ማቁሰል ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተረከዝ ጅማትን። አልፎ አልፎ ጅማቱ እስከ መበጠስ ይደርሳል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ በሳጥን ውስጥ እንዲጻፍ ያደረገው ለዚህ ነው። ችግሩ መድኃኒቱን እየወሰዱ ወይም ካቆሙ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ስቴሮይድ ከሚባሉት እብጠት የሚቀንሱ መድኃኒቶች ጋር ሲሆን አደጋው ይጨምራል።

የአንቺ እግር በዚህ ምክንያት ነው አልልም፤ ልምምዱ ብቻውን ሊያደርገው ይችላል። ግን ሆድ በታመመ ቁጥር ሲፕሮ የሚገዛ ሯጭ አውቃለሁ። እኛ አገር አንድ ጊዜ ደም ተሰጥቶ "ታይፎይድ" የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ እርግጠኛ ምርመራ አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ማንኛውም ሐኪም ወይም ፋርማሲ ስትገቢ መጀመሪያ "ሯጭ ነኝ፣ የተረከዝ ጅማቴን ያመኛል" በይ። ሌላ አማራጭ መድኃኒት ካለ ይሰጡሻል። ሐኪም አስቦ ያዘዘልሽን ግን በራስሽ አታቋርጪ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጅማቱ ላይ መርፌ ልውጋሽ የሚል ሰው ከመጣ ምን መርፌ እንደሆነ ጠይቂ። የስቴሮይድ መርፌ ሕመሙን ለጊዜው ያጠፋል፤ ጅማቱን ግን ሊያዳክመው ይችላል። ለውድድር ብለው ተወግተው የተበጠሰባቸው አሉ።


ፊዚዮ ከጎንደር፦

ፋርማሲስቷ እግዚአብሔር ይስጥሽ።

እንግዲህ የገለጽሽው የጅማቱ መሐል ላይ ያለ የቆየ ጉዳት ይመስላል። አገር ውስጥ በብዛት የማየው እሱን ነው፤ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር አይደለም። ሙሉ ዕረፍት ለምን እንዳላዳነሽ ልንገርሽ። ጅማት የሚጠነክረው ልክ ያለው ጭነት ሲሸከም ነው። ስታርፊ ሕመሙ ይተኛል፤ ጅማቱ ግን ይብሱን ይላላል። ወደ ዳገት ስትመለሺ ጭነቱን መቻል ያቅተዋል። መታሸቱም እንዲሁ ነው። ወጌሻ ለወለምታ ይሁን፣ የቆሰለ ጅማት ግን በኃይል አይታሽም።

ሥራው እንዲህ ነው። የግቢሽን በር ደረጃ ወይም ማንኛውንም ጠንካራ ደረጃ ፈልጊ። ግድግዳ ያዢ። የሁለቱም እግርሽ ፊተኛው ክፍል ብቻ ደረጃው ላይ ይሁን፣ ተረከዞችሽ ከጠርዙ ይውጡ። በሁለቱም እግር ወደ ላይ ተነሺ። ከዚያ ቀኙን አንሺውና በታመመው በግራ እግርሽ ብቻ ቀስ እያልሽ ውረጂ፤ ተረከዝሽ ከደረጃው በታች እስኪሆን። ለመነሳት እንደገና ሁለቱንም ተጠቀሚ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር ጉልበትሽን ቀጥ አድርገሽ። ሌላ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር ጉልበትሽን ትንሽ አጠፍ አድርገሽ። ጠዋትና ማታ። 12 ሳምንት። ሲቀልሽ ቦርሳ ውስጥ ውኃ የሞሉ ጠርሙሶች ጨምሪና አዝለሽ ሥሪው።

ትንሽ ያምሻል፣ ይመምሽ። ሕመሙ ከአስር አራት ወይም አምስት ቢደርስ ችግር የለውም፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ከቀድሞው ብሶ መገኘት የለበትም። ከባሰ ቀንሺ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለውጥ አታዪም። ብዙ ሰው የሚተወው እዚያ ላይ ነው። አሰልቺ ነው፣ ማንም አያጨበጭብልሽም። እኔ ግን ከልቤ የምነግርሽ፣ አሁን ጽናት የሚባለው ጫካ መግባት ሳይሆን ይሄ ደረጃ ነው።

ወደ ወር አበባው ልምጣ። "ልምምድ ሲከብድ እንዲህ ነው" የሚለውን ማንም አይንገርሽ። ሰውነትሽ ከምትበዪው በላይ እያወጣ ሲሄድ መጀመሪያ የሚዘጋው እሱን ነው። ከዚያ አጥንት ይሳሳል፣ ጉዳትም ቶሎ አይድንም። ሦስት ወር ካለፈው ሐኪም ያስፈልጋል፤ ሌላ ምክንያት እንዳይኖር የደም ምርመራ፣ የብረት መጠንሽም አብሮ ይታይ። ምግብ ላይ ደግሞ በባዶ ሆድ ልምምድ አትውጪ፤ ዳቦና ሻይ እንኳ ቀምሰሽ ውጪ። ስትመለሺ ቶሎ ብዪ። እንቁላል፣ ወተት ከተገኘ ጥሩ። በጾም ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ተልባውን፣ ለውዙን አብዢው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር አታድርጊ፤ ብረቱን እንዳይገባ ያደርገዋል። ከምግብ ትንሽ ቆይተሽ ጠጪ።


ከዓረብ አገር፦

የኔ እህት፣ እኔ የምጽፍልሽ ከኩዌት ነው። እህትሽን አትቀየሚያት፤ ካንቺ የራቀችው ለቤተሰብ ብላ ነው፣ የምታውቀውን መንገድ ነው ያሳየችሽ።

ወደዚህ መምጣት ነውር የለውም። እኔ ሁለት ታናናሾቼን አስተምሬበታለሁ። ግን ሕልም ሲከፋ ለመርሳት ተብሎ የሚመጣበት ቦታ አይደለም። ሥራው ጠዋት ተጀምሮ እኩለ ሌሊት የሚያልቅበት ቤት አለ፤ ቀኑን ሙሉ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ቆሞ መዋል ነው። የታመመ እግር እዚህ አይድንም። እሁድ ልሩጥ ብትዪ ማን ያስወጣሻል? አንዷ የቤታችን ጎረቤት ልጅ እንደ አንቺ ሯጭ ነበረች። ውሏን ጨርሳ ስትመለስ ሩጫው አልጠበቃትም።

ለእህትሽ በግልጽ ንገሪያት። "አስመጪኝ" ከምትያት "እስክድን ለኪራይ ትንሽ አግዢኝ" በያት። ለቲኬትና ለፕሮሰስ ከምታወጣው በጣም ያነሰ ነው። እምቢ ብትልሽም ጠይቀሻታል። እኛ ውጪ ያለን ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንልከው ለልቅሶና ለሠርግ ነው። ለሰው ሕልም ላኩ የሚለን የለም እንጂ ብንባል እንልካለን።


ሐበሻ ከፍራንክፈርት፦

እኔ ሯጭ አይደለሁም፣ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የበርሊን ማራቶን ዕለት መንገድ ዳር ነበርኩ። ዝናብ ነበር። ቀነኒሳ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ከብርሃኑ ለገሰና ከሲሳይ ለማ ወደ ኋላ ሲቀር በስልክ እያየን ነበር። አጠገቤ የቆመ ሰውዬ "አለቀ፣ ያው ጉዳቱ ነው" አለ። ከዚያ ቀስ በቀስ መጣ። አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ። 2:01:41 ገባ። ከዓለም ክብረ ወሰን ሁለት ሰከንድ ብቻ ነው የቀረው። ዕድሜው 37 ነበር።

ይሄ ሰው በ2010 መጀመሪያ ላይ ባቱ ተጎድቶ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ከውድድር ጠፍቶ ነበር። በ2011 ዴጉ ላይ ሲመለስ 10 ሺውን ሳይጨርስ ወጣ፤ ያኔ ሁሉም አበቃለት አለ። ብዙም ሳይቆይ ብራስልስ ላይ 26:43 ሮጠ።

ደራርቱም አለች። በ1992 ባርሴሎና ወርቅ ካገኘች በኋላ ጉልበቷን ታማ ጠፍታ ነበር። በ1995 ለዓለም አገር አቋራጭ ስትሄድ አቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ቀን ሙሉ ተጉላላች፤ ሩጫው ሊጀመር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው እንቅልፍ ሳትተኛ ደርሳ አሸነፈች። አትላንታ ላይ ተጎድታ አራተኛ ወጣች። ወለደች። ሲድኒ 2000 ላይ እንደገና ወርቅ። በ2009 ደግሞ በ37 ዓመቷ ኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። አንቺ 37 ዓመት እስኪሞላሽ 16 ዓመት አለሽ።


የቀድሞ ሯጭ፦

ፍራንክፈርት፣ በደንብ ነው የጻፍከው። አንድ ነገር ግን አስታውስ። ቀነኒሳና ደራርቱ ሲጎዱ የኦሊምፒክ ወርቅ በእጃቸው ነበር። ሐኪም የሚከፍል ስፖንሰር ነበራቸው፣ ኪራይ አያስጨንቃቸውም። ይቺ ልጅ የስንብት ደብዳቤና ኮተቤ ያለች ክፍል ነው ያላት። ከነሱ መንፈሱን ትውሰድ፣ ዕቅዷን ግን ከራሷ ኪስ ታውጣ።

ለእሷ የሚቀርበው የታምራት ቶላ ታሪክ ይመስለኛል። በቶኪዮው ኦሊምፒክ ማራቶኑን ሳይጨርስ አቋርጧል። ለፓሪስ 2024 ሲመረጥ ተጠባባቂ ነበር። ተጠባባቂ ማለት ሁሉንም ልምምድ ትሠራለህ፣ ግን ላትሮጥ ትችላለህ ማለት ነው። ሲሳይ ለማ ተጎዳና ቦታው ተከፈተ። 2:06:26 በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ፤ ከገዛኸኝ አበራ ሲድኒ 2000 በኋላ በወንዶች ማራቶን የመጀመሪያው ወርቃችን። ማንም ቃል ሳይገባለት ተዘጋጅቶ ነው የተገኘው። እኔ እዚያ ላይ ነው ባርኔጣዬን የማነሳው።


አሰልጣኝ ነኝ፦

ይሄን የውይይት ክር ከላይ እስከታች አነበብኩ። የታዳጊ አሰልጣኝ ነኝ። ልጄ፣ ጥቂት ነገር ልበልሽ።

ከክለብ መውጣት የዓለም መጨረሻ አይደለም። በግል መወዳደር ይቻላል። ጃንሜዳ አገር አቋራጭ ላይ በግል የሚሮጡ አሉ፤ እነ መቻል፣ ንግድ ባንክና ኢትዮ ኤሌክትሪክ የሚወዳደሩበት ሜዳ ነው፤ አሰልጣኞቹ ቆመው ያያሉ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ አለ፣ 10 ኪሎ ሜትር ነው፣ ያንቺ ርቀት። እዚያ ላይ ጥሩ የገባ ልጅ ይፈለጋል። ስለዚህ በሩ አልተዘጋም፤ አሁን ግን አታንኳኪ። ድነሽ አንኳኪ።

ፊዚዮው የነገረሽን 12 ሳምንት ስትጨርሺ በቀጥታ ቡድን አትግቢ። ቡድን ውስጥ ቀስ ብሎ መሮጥ አይቻልም፤ አንዷ ትንሽ ስትፈጥን ሁሉም ይፈጥናል። ብቻሽን ጀምሪ። ሳር ላይ፣ ሜዳማ ቦታ። ትንሽ መሮጥ፣ ትንሽ መራመድ። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ስትወርጂ እግርሽ ምን እንደሚል ስሚ፤ ዳኛሽ እሱ ነው። መጀመሪያ ደቂቃውን ጨምሪ። ከዚያ ኮሮኮንቹን። እንጦጦን በኋላ። ፍጥነትና ስፓይክ (ከሥሩ ሹል ጥርስ ያለው የውድድር ጫማ) መጨረሻ። ብዙ ልጆች ትዕግስት የሚያልቅባቸው ሲድኑ ነው። ሕመሙ ጠፋ ብለው በሳምንቱ ዳገት ይገባሉ፣ እንደገና ከዜሮ።

ትምህርትሽን በማታ ቀጥዪ። ይሄን ለሁሉም ሯጮቼ እላለሁ፣ ግማሾቹ ይጠሉኛል። 12ኛን ጨርሰሽ ብትቀጥዪ፣ ስፖርት ሳይንስ አለ፣ ፊዚዮቴራፒ አለ፣ አሰልጣኝነት አለ። ከሩጫው ዓለም ሳትወጪ የምትኖሪበት መንገድ ነው። ሩጫ ቀንሽን በሙሉ አይወስድም። ጠዋት ልምምድ፣ ቀን ዕረፍትና ትንሽ ሥራ፣ ማታ ትምህርት። ድካም ነው፤ ግን ውድድር ሲበላሽ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ጣሪያ ከማየት ያድንሻል። የተጎዳ ሯጭ ትልቁ ጠላት ባዶ ቀን ነው።

አባትሽን በተመለከተ። "ይበቃል" የሚለው ስላልገባው አይደለም፤ ስትቸገሪ ስላየ ነው። ደውይለትና ጊዜ ጠይቂው። "እስከዚህ ድረስ ልሞክር፣ ካልሆነ እንነጋገራለን" ብትዪው የሚሰማ ይመስለኛል። ገደብ ያለው ልመና ለወላጅ ይቀለዋል።


ማርሽ ቀያሪ፦

የቀድሞ ሯጭንም አሰልጣኙንም ሰምቻለሁ፤ ስለ ኪራዩና ስለ ትምህርቱ ልክ ናችሁ። እኔ ግን አሁንም የምለው አለኝ። ሰው "ገደብ አበጂ" ሲባል አንዳንዴ ገና ሳይጀምር ልቡ ውስጥ ይጨርሳል። ገደቡ ለኪራይና ለትምህርት ይሁን። ለእግርሽ መዳን ግን በቀን መቁጠሪያ አትቸኩይ። ጅማት የራሱ ጊዜ አለው።


የጠባሴ ልጅ፦

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ለአባቴ ደወልኩለት። መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎ "እግርሽን ሐኪም አየልሽ?" አለኝ። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። እስከሚቀጥለው ክረምት ልሞክር አልኩት፣ "እሺ፣ ግን ትምህርቱን" አለኝ። እህቴ ደግሞ ትንሽ ተቆጣችና የሁለት ወር ኪራይ እልካለሁ አለች።

ሐኪም ጋ ሄጃለሁ። የደም ምርመራ አድርገው ብረቴ ዝቅተኛ ነው አሉኝ፤ የሚዋጥ ሰጡኝ። ጅማቱን በአልትራሳውንድ አዩት፣ አልተበጠሰም። ሲፕሮ እንደወሰድኩ ስነግረው ሐኪሙ ካርዴ ላይ ጻፈው። የደረጃውን ሥራ ጀምሬያለሁ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆችም የወር አበባውን ነገር ካነበብኩላቸው በኋላ አንዷ ልትመረመር ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ዳቦ ሳንቀምስ አንወጣም ብለናል፤ እነሱ ለጫካ፣ እኔ ለደረጃ። የማታ ትምህርት ምዝገባም ጠይቄያለሁ፤ ከክልል የትምህርት ማስረጃዬን አምጪ አሉኝ።

የቀድሞ ሯጭ፣ ማሳጁን የት እንደተማርክ በግል ልትነግረኝ ትችላለህ?


የቀድሞ ሯጭ፦

ጽፌልሻለሁ፣ የግል ሳጥንሽን እዪ። በትርፍ ሰዓትሽ እኔ የምሠራበት መጥተሽ ማየት ትችያለሽ። የእግርን ጡንቻ ስም በቃልሽ ይዘሽ ነይ።


ከሐዋሳ፦

ይቅርታ በሰው ክር ስለገባሁ። እኔም ያው ነው ችግሬ፣ ግን የሚያመኝ ከፍ ብሎ ሳይሆን በትክክል ተረከዙ አጥንት ላይ ነው። ጫማ ሲነካውም ያመኛል። ያንኑ የደረጃ ሥራ ልጀምር?


ፊዚዮ ከጎንደር፦

እንደዚያው አትጀምር። አጥንቱ ላይ ላለ ሕመም ተረከዝህን ከደረጃው በታች ማውረድ ጅማቱን አጥንቱ ላይ ያስጨንቀዋል፣ ሊያብስህ ይችላል። ወለል ላይ ቆመህ ሥራው፤ ተነስተህ ወለሉ ላይ ስትደርስ አቁም። ለጊዜው ከጫማህ ውስጥ ተረከዙ ሥር ትንሽ ከፍታ ጨምር፣ ኋላው ጠንካራ የሆነውን ጫማ ተወው። ባት መወጠሩንም አቁም። በሁለት ሦስት ሳምንት ካልቀለለህ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስህ ከሆነ ሳትዘገይ ሐኪም ይየው። አዲስ ክር ክፈትና ዕድሜህን፣ የምትሮጠውን ኪሎ ሜትርና የወሰድከውን መድኃኒት ጻፍልኝ፤ እዚያ እመልስልሃለሁ።